አዝመራ የማይጠብቀው ጉዳት፦ አርሶ አደሮች ከሥራ ጉዳት የሚጠበቁበትና ወደ ሥራ የሚመለሱበት መንገድ

የደረሰ ሰብል ቀን አይሰጥም። ጤፍ ደርቆ በወቅቱ ካልታጨደ ይረግፋል፤ ያለጊዜው ዝናብ ከመጣበት ደግሞ በማሳው ላይ ይበላሻል። በዚህ ምክንያት በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት ወገቡን የታመመ፣ እግሩ ወለም ያለው ወይም እጁን ማጭድ የቆረጠው አርሶ አደር በሁለት መጥፎ ምርጫዎች መካከል ይቆማል፤ ሕመሙን ችሎ መሥራት፣ አለዚያም ሥራውን ትቶ መተኛት። ብዙው ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ጉዳቱ ሲብስበት ደግሞ ሳይወድ በግድ ወደ ሁለተኛው ይገባል።

ሦስተኛ መንገድ ግን አለ። አብዛኛውን የጡንቻ፣ የጅማትና የወገብ ጉዳት ፍጹም ዕረፍትም ሆነ ጥርስን ነክሶ መሥራት አያድነውም። የሚበጀው በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተጎዳውን አካል መጠበቅ፣ ከዚያም እንቅስቃሴን በልክ እየጨመሩ ወደ ሥራ መመለስ ነው። ለዚህም የትኛው ጉዳት በቤት ውስጥ እንክብካቤ እንደሚድን፣ የትኛው ደግሞ ጊዜ ሳይባክን ወደ ጤና ተቋም መድረስ እንዳለበት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጉዳትም ወቅት አለው

የእርሻ ሥራ ጉዳት ከሥራው ወቅት ጋር አብሮ ይፈራረቃል። የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት ከ3 እስከ 5 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳል። አራሹ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ፣ በከፊል ጎንበስ ብሎ ባልተስተካከለ መሬት ላይ ሲመላለስ ይውላል። ጫናው በአንድ ወገን ትከሻው፣ በእጁ አንጓና በታችኛው ወገቡ ላይ ያርፋል። መረሬ አፈር በዝናብ ሲርስ እግርን አጥብቆ ይይዛል፤ ገላ ሲዞር እግር ባለበት ከቀረ ቁርጭምጭሚት ወይም ጉልበት ይጠመዘዛል።

በሐምሌና በነሐሴ የአረም ሥራ ይከተላል። ለረጅም ሰዓት አጎንብሶ መቆየት የወገብን ጅማቶች ይለጥጣል፤ ጡንቻዎቹንም ያዝላል። እንዲህ የደከመ ወገብ በቀኑ መጨረሻ ከባድ ዕቃ ከመሬት ሲያነሣ በቀላሉ ይጎዳል። በአጨዳና በውቂያ ጊዜ የማጭድ ቁስል፣ ነዶ ሲሸከሙ የሚደርስ የትከሻና የአንገት ሕመም፣ ከክምር ላይ መውደቅ ይበዛል። መውቂያ ማሽን በገባባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ጋቢ፣ ነጠላ ወይም ሰፊ እጅጌ በሚሽከረከረው ክፍል ተይዞ እጅን አብሮ የመጎተት አደጋ አለ።

ከአዝመራው በኋላም ዕረፍት የለም። በጥርና በየካቲት የተፋሰስ ልማት ሥራ ይጀመራል፤ ድንጋይ ይፈነቀላል፣ እርከን ይሠራል፣ በዶማና በአካፋ አፈር ይዛቃል። ወቅት የማይለየው ሸክም ደግሞ በአብዛኛው የሴቶች ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ብቻውን 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህ በየቀኑ ዳገት የሚወጣ ሸክም ነው፤ የማገዶ እንጨቱ ገና አልተቆጠረም።

ሸክሙን ከአካል ጋር ማመጣጠን

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ በእጁ የሚያጓጉዘው ሸክም ከ55 ኪሎ ግራም በላይ ከሆነ እንዲቀነስ ይመክራል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ለማንሣት ሥራ የሚጠቀምበት ስሌት የበለጠ ጥንቃቄ ያለበት ነው፤ ሁኔታው ሁሉ በተመቸበት፣ ሸክሙ ለገላ ቀርቦ ሳይጠመዘዙ በሚነሣበት ጊዜ እንኳ መነሻ አድርጎ የሚወስደው 23 ኪሎ ግራምን ነው። በገጠር መደበኛ ተብሎ የሚታየው ኩንታል ግን 100 ኪሎ ግራም ነው። አንድ የማዳበሪያ ከረጢት 50 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ብቻውን ለመጀመሪያው ወሰን የተቃረበ፣ የሁለተኛው ደግሞ ከእጥፍ በላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መከላከያ አነሣሡን ማሳመር ሳይሆን ሸክሙን መክፈል ነው። ኩንታሉን በሁለት ጆንያ ማድረግ፣ ለሁለት ማንሣት፣ በአህያ ወይም በጋሪ ማጓጓዝ፣ ጆንያውን ከመሬት ይልቅ ከፍ ባለ መደብ ላይ ማስቀመጥ ወገብን ከብዙ ጉዳት ያድናል። ማንሣት ግድ ሲሆን እግርን ከፈት አድርጎ መቆም፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ ሸክሙን ወደ ደረት ማስጠጋትና ቀስ ብሎ መነሣት ይገባል። ሸክም ከገላ በራቀ ቁጥር በአከርካሪ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ይጨምራል። አቅጣጫ መለወጥ ሲያስፈልግም ወገብን ከመጠምዘዝ ይልቅ እግርን አንሥቶ መዞር ይሻላል።

ሁለተኛው መከላከያ አጀማመር ነው። አዝመራ ከመድረሱ በፊት ሥራው ቀለል ብሎ የቆየ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከንጋት እስከ ምሽት ቢያጭድ አካሉ ዝግጁ አይደለም። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፤ ጅማት ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቀናት በግማሽ ቀን ሥራ መጀመር፣ ጠዋትም ማጭዱን ከመጨበጥ በፊት በእግር ፈጠን ብሎ መሄድ፣ ትከሻንና ወገብን ማፍታታት ይጠቅማል። ማሳው ከቤት የሚርቅ ከሆነ መንገዱ ራሱ ማሟሟቂያ ይሆናል።

ሦስተኛው የሥራ መቀያየር ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ቀና ብሎ እጅን በወገብ ላይ በማድረግ ጥቂት ጊዜ ወደ ኋላ መለጠጥ፣ አጫጁ ነዶ አሳሪ፣ ነዶ አሳሪው ተሸካሚ እየሆነ መፈራረቅ አንድ ጡንቻ ብቻ እንዳይደክም ያደርጋል። በደቦ በሚታጨድበት ጊዜ ይህን ማድረግ ይቀላል፤ ሰውም ሥራውም በቂ ነውና።

ስለ መሣሪያም ጥቂት ነጥቦች አሉ። የደነዘ ማጭድ ኃይል ይጠይቃል፣ ኃይል ሲበዛ ደግሞ ይስታል፤ ስለዚህ በወቅቱ መሳል አለበት። ማጭድ በብዛት የሚቆርጠው ሰብሉን የጨበጠውን እጅ በመሆኑ አጨባበጡ ከስለቱ መንገድ ከፍ ማለት ይኖርበታል። አጫጆች ሲሰለፉ በመካከላቸው የአንድ ክንድና የአንድ ማጭድ ያህል ርቀት ቢተዉ ይመከራል። ድንጋይ በሚፈነቀልበት ሥራ ላይ ጣትን የሚሸፍን ጫማ ያስፈልጋል። በመውቂያ ማሽን አጠገብ ሰፊ ልብስ ወልቆ መቀመጥ፣ የታነቀ ገለባም ሞተሩ ሳይጠፋ በእጅ አለመነካት አለበት።

ቁስልና መንጋጋ ቆልፍ

በማሳ ላይ የደረሰ ቁስል ትንሽ ቢመስልም ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ መታጠብና ክትባት። ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ሳያነሡ አጥብቆ መጫን ያስፈልጋል። ደሙ ሲቆም ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ንጹሕ ውኃ በደንብ አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ይገባል። አፈር፣ አመድ፣ አዛባ ወይም የቡና ዱቄት መነስነስ ቁስሉን ለበሽታ ያጋልጣል።

መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ባክቴሪያ በአፈርና በእንስሳት አዛባ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት መቆየት ይችላል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከቁስሉ በኋላ ከ3 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ይታያል፤ በዚያን ጊዜ ቁስሉ ራሱ ድኖ ሊሆን ይችላል። መንጋጋ መገጠም፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የአንገትና የጀርባ መገተር ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በሽታው ገዳይ ነው፤ መከላከያው ግን በጤና ተቋማት የሚሰጥ ክትባት ነው። ሕፃናት በመደበኛው ክትባት፣ ሴቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት ያገኙታል። በልጅነቱ ያልተከተበ አዋቂ ወንድ ግን ካልቆሰለ በቀር ክትባቱን የሚያገኝበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ቁስሉ አፈር ወይም አዛባ የነካው ከሆነና የመጨረሻውን ክትባት ከወሰደ 5 ዓመት ያለፈው፣ ወይም ጭራሹን ያልተከተበ ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

በጣት ላይ የደረሰ የማጭድ ቁስል ሌላም ፍተሻ ያስፈልገዋል። ጣቱ መታጠፍ ወይም መዘርጋት ካቃተው፣ ጫፉም ከደነዘዘ፣ ጅማት ወይም ነርቭ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ቆዳው በራሱ ቢገጥምም ጅማቱ አይገጥምም። እንዲህ ያለው ጉዳት በቀናት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካገኘ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ከዘገየ ግን እጁ ዕድሜ ልክ የመጨበጥ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል።

ወለምታ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

ለወለምታና ለጡንቻ መሰንጠቅ ለረጅም ዓመታት የተሰጠው ምክር ዕረፍት፣ ቅዝቃዜ፣ በፋሻ መጠቅለልና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ የሚል ነበር። ይህን አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን እ.ኤ.አ. በ1978 አስተዋውቀውት ነበር። ሐኪሙ ራሳቸው ከዓመታት በኋላ ምክራቸውን አሻሽለዋል፤ ቅዝቃዜን ማብዛትና ፍጹም ዕረፍት ማገገምን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ገልጸዋል። ዛሬ ቅዝቃዜ በዋናነት ሕመም ማስታገሻ ተደርጎ ይወሰዳል፤ እንቅስቃሴም ቀደም ብሎ ይጀመራል።

በረዶ በሌለበት ገጠር ከምንጭ በተቀዳ ቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ማድረግ በቂ ነው። እግሩን በፋሻ ወይም በንጹሕ ነጠላ ለስላሳ አድርጎ መጠቅለል፣ ሲተኙም በትራስ ላይ ከፍ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያበጠውን ቦታ በኃይል ማሸት፣ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍና አረቄ መጠጣት አይገባም፤ እነዚህ በውስጥ የሚፈሰውን ደምና እብጠቱን ሊጨምሩ ይችላሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ ሕመሙ በፈቀደ መጠንም በምርኩዝ መራመድ ይጀመራል።

ወለምታን ከስብራት ለመለየት በካናዳ ሐኪሞች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ የሆነው የኦታዋ መመሪያ ይረዳል። ሰውየው በተጎዳበት ሰዓትም ሆነ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት የኋለኛ ጠርዝ ሲነካ የሚያመው ከሆነ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ራጅ መነሣት አለበት።

ስብራትና ጥብቅ እሥር

በገጠሩ ማኅበረሰብ ዘንድ አጥንት የተሰበረበት ሰው በቅድሚያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ይታመናል፣ ወጪውም አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ በሀገሪቱ ሆስፒታሎች የተካሄዱ ጥናቶች አንድ አደጋ በተደጋጋሚ መዝግበዋል፤ በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ ማሠር የደም ዝውውርን አቋርጦ እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ ያደርሳል። በተለይ ሕፃናት ሕመማቸውን በቃል መግለጽ ስለማይችሉ አደጋው ይበረታባቸዋል።

የተሰበረ አካል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማበጡ አይቀርም። እሥሩ ጠዋት የላላ ቢመስል እንኳ ማታ ሊያንቅ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ የጣቶቹን ሁኔታ በየጊዜው ማየት አለበት። ጥፍር ሲጫኑት ነጥቶ ሲለቁት በሁለት ሰከንድ ገደማ ወደ ቀለሙ መመለስ ይኖርበታል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከገረጡ፣ ከደነዘዙ፣ ሲዘረጓቸውም ሕመሙ ከበረታ እሥሩ በዚያው ደቂቃ ተፈትቶ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ደም ያጣ ጡንቻ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሚሞት እስኪነጋ መጠበቅ አይቻልም። ይኸው ፍተሻ በጤና ተቋም ለተደረገ ጀሶም ይሠራል።

ወደ ጤና ተቋም እስኪደርሱ ድረስ አካሉን ሳይጎትቱና ለማቃናት ሳይሞክሩ ባለበት ሁኔታ በእንጨትና በጨርቅ መደገፍ በቂ ነው። ድጋፉ ከስብራቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ ቢይዝ ይመረጣል። አጥንት ቆዳ ቀድዶ ከወጣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወዲያው መሄድ ይገባል።

የወገብ ሕመም፦ መተኛት ወይስ መንቀሳቀስ

ከሸክም ወይም ከማጎንበስ በኋላ ድንገት የሚይዝ የወገብ ሕመም ያስደነግጣል፤ ነገር ግን አብዛኛው በ6 ሳምንት ገደማ ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ሐኪሞች ቀድሞ ለቀናት መተኛትን ያዝዙ ነበር፤ ዛሬ ግን የሕክምና መመሪያዎች ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አለመተኛትን ይመክራሉ። ተኝቶ መቆየት ጡንቻን ያሟሽሻል፣ መገጣጠሚያን ያደርቃል፣ ማገገምንም ያራዝማል።

በመጀመሪያው ቀን በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ እግርን በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ላይ ማሳረፍ ሕመሙን ያስታግሳል። ከዚያ በየሰዓቱ ተነሥቶ በደልዳላ ቦታ ለጥቂት ደቂቃ መራመድ፣ በየቀኑም ርቀቱን መጨመር ይገባል። ሕመሙ ሲቀንስ ሁለት ቀላል እንቅስቃሴዎች ይጨመራሉ። አንደኛው በጉልበትና በመዳፍ ተንበርክኮ ጀርባን ቀስ ብሎ ወደ ላይ ማጉበጥና መልሶ ማርገብ ነው። ሁለተኛው በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ከመሬት አንሥቶ ለአምስት ሰከንድ መያዝ ነው። እያንዳንዱን አሥር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ መሥራት ይቻላል።

ወደ ሥራ የመመለስ ደረጃዎች

ብዙ ጉዳት የሚያገረሸው ሕመም ስለጠፋ ብቻ ሙሉ ሥራ በመጀመሩ ነው። ሕመም መጥፋትና አካል መጠንከር አንድ አይደሉም። ቀላል ወለምታ በአንድና በሁለት ሳምንት ይሻላል፤ ከባዱ ግን ከ6 እስከ 12 ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። የክንድ ስብራት ለመግጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ የቅልጥም ስብራት ደግሞ 3 ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

አመላለሱ በአራት ደረጃ ሊከፈል ይችላል። በመጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት በደልዳላ መንገድ ያለ ማነከስ መራመድ መቻል አለበት። ቀጥሎ ሸክምና ማጎንበስ የሌለባቸው ሥራዎች ይመጣሉ፤ ዘር መምረጥ፣ መሣሪያ መሳል፣ አውድማ መጠበቅ። ሦስተኛው በአቋራጭ ዕረፍት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሙሉ ቀን ማጨድ፣ ማረስና መሸከም መጨረሻ ላይ ይመለሳሉ። እግሩ ወለም ብሎት የነበረ ሰው ወደ ገደላማ ማሳ ከመውጣቱ በፊት በተጎዳው እግሩ ብቻ ለ30 ሰከንድ ሳይወላገድ መቆም፣ በጣቶቹም ደጋግሞ ተረከዙን ማንሣት መቻሉን ይፈትሽ። አንድ ጊዜ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት ካልተጠናከረ በቀላሉ ይደግመዋልና።

ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመሸጋገር መለኪያው የማግሥቱ ጠዋት ነው። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ብንለካው በሥራ ላይ እስከ 3 የሚደርስና ሲያርፉ የሚጠፋ ሕመም አያሰጋም። ጠዋት ሲነሡ ግን ከትናንቱ የባሰ ሕመም ወይም አዲስ እብጠት ካለ ትናንት የተሠራው በዝቷል ማለት ነው፤ ወደ ቀደመው ደረጃ መመለስ ያስፈልጋል።

የሚጠገን አካል ምግብም ይፈልጋል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ከአጨዳው ጋር ይገጥማል። በዚህ ወቅት ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር በየማዕዱ መገኘታቸው ጡንቻና አጥንት ለሚጠገኑበት ፕሮቲን ዋና ምንጭ ነው። በቂ ውኃና እንቅልፍም የማገገሚያው አካል ናቸው።

ሕመምን በመድኃኒት ሸፍኖ መሥራት ግን ማገገም አይደለም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ባዶ ሆድ ሲወሰዱ ወይም ሲደጋገሙ ጨጓራን ያደማሉ፤ ውኃ ሳይጠጡ በፀሐይ ለሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ለኩላሊትም ያሰጋሉ። ነፍሰ ጡሮች፣ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ሊወስዷቸው አይገባም።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም

የሚከተሉት ምልክቶች የቤት ውስጥ እንክብካቤ አይበቃቸውም።

• ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ የእግር መስነፍ፤
• ለሳምንታት የቆየ፣ ሌሊት የሚበረታ፣ ከትኩሳት፣ ከላብና ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ የጀርባ ሕመም፤ ይህ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤
• ከክምር፣ ከዛፍ ወይም ከገደል ከወደቁ በኋላ የሚሰማ የአንገት ወይም የጀርባ ሕመም፤
• ቅርጹ የተለወጠ፣ የቀዘቀዘ ወይም የደነዘዘ እጅና እግር፤
• ያመረቀዘ፣ የቀላና ትኩሳት ያለው ቁስል፤
• ለመንቀሳቀስም ሆነ ለመርገጥ ፈጽሞ የማይመች መገጣጠሚያ።

በመጨረሻም ቀስ ብሎ መመለስ የሚቻለው ሥራውን የሚያግዝ ሲገኝ ነው። ለዚህ ማኅበረሰቡ ቀድሞውኑ መፍትሔ አለው። በወንፈል የአንዱ ጉልበት ለሌላው ብድር ነው፤ ዛሬ የተጎዳው አርሶ አደር ሰብሉ ሲሰበሰብለት ቆይቶ፣ ሲያገግም የጉልበቱን ብድር ይመልሳል። ብድሩም የግድ በማጭድ ብቻ የሚከፈል አይደለም፤ ነዶ በመቁጠር፣ አውድማ በመጠበቅ፣ ምሳ በማድረስም ይከፈላል። ማኅበርተኞች አዝመራው ከመድረሱ በፊት ሲቀመጡ የማሳዎቹን ተራ ብቻ ሳይሆን፣ ከመካከላቸው አንዱ ቢጎዳ ማን እንደሚተካውና የትኛው ቀላል ሥራ እንደሚሰጠው አብረው ቢወስኑ የአንድ ሰው ወለምታ የአንድ ቤት ረኀብ አይሆንም።